የቆየ ተሽከርካሪ ሞተር እንግዳ ድምፅ ሲያሰማ፦ ባለንብረቱ ሞተር ከማስወረዱ በፊት ሊያጣራቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ሁለት ወይም ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሞተር እንደ አዲስ ሞተር ጸጥ ብሎ አይሠራም። እርስ በርሳቸው የሚንሸራተቱት የብረት ክፍሎች በጊዜ ብዛት ስለሚበሉ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ክፍተቱ ሲሰፋም ድምፅ ይፈጠራል። ባለንብረቱ በየዕለቱ የሚሰማውና የለመደው ይህ ድምፅ በራሱ የብልሽት ማስረጃ አይደለም። ትኩረት የሚያሻው ትናንት ያልነበረ ድምፅ ዛሬ ሲሰማ ወይም የነበረው ድምፅ ባሕርዩን ሲለውጥ ነው።

በዚህ ጊዜ ባለንብረቶች ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ሲወድቁ ይስተዋላል። አንዳንዱ መኪናው ስላረጀ ነው በሚል ድምፁን ችላ ብሎ ማሽከርከሩን ይቀጥላል፤ ዘይት በመሙላት ብቻ ሊድን ይችል የነበረ ሞተርም መንገድ ላይ ይነክሳል። ሌላው ደግሞ በድንጋጤ ሞተሩ እንዲወርድ ይፈቅዳል፤ ሞተሩ ከተበታተነ በኋላ የድምፁ ምንጭ የዲናሞ ኩሽኔታ ወይም አንድ የተበላሸ ኖዝል ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያው ስሕተት የሰው ሕይወትን ጭምር ለአደጋ ያጋልጣል። ሁለተኛው ሚኒባስ ወይም አይሱዙ መተዳደሪያው የሆነን ቤተሰብ ያለ በቂ ምክንያት ለዕዳ ይዳርጋል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በመንገድ ላይ ያሉት ኮሮላዎች፣ ቪትዞችና መሰል ተሽከርካሪዎች በሌላ የነዳጅ መኪና የሚተኩበት ዕድል ጠቧል። በመሆኑም ሞተርን በወቅቱና በትክክል መርምሮ ማቆየት ለባለንብረቱ ከቀድሞው የበለጠ ትርጉም አለው።

ወዲያውኑ ማቆምን የሚጠይቅ ድምፅ

ከሁሉም ድምፆች አስቀድሞ ተለይቶ መታወቅ ያለበት ከሞተሩ የታችኛው ክፍል የሚመጣው ወፍራም ምት ነው። በር በቡጢ እንደሚደበደብ ያለ ድምፅ ሲሆን ነዳጅ ሲሰጥ ይፈጥናል፤ ሞተሩ በሞቀ ቁጥርም ይጎላል። ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ፒስቶኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ቢዬላ ብሮንዝ መበላት ነው። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች በብሮንዙና በክራንክሻፍቱ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ብረት ከብረት ጋር እንዳይነካካ የሚያደርገው በዚህች ጠባብ ክፍተት ውስጥ በግፊት የሚያልፈው ዘይት ነው። ዘይቱ ሲያንስ ወይም ግፊቱ ሲወድቅ ብሮንዙ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይላጣል፤ ቢዬላውም በእያንዳንዱ ዙር ክራንክሻፍቱን መምታት ይጀምራል።

ይህ ድምፅ በዳሽቦርዱ ላይ ካለው ቀይ የዘይት መብራት ጋር አንድ ላይ ከታየ ቀጥሎ እስካለው ጋራዥ እንኳ ለመድረስ መሞከር አይገባም። ተሽከርካሪውን ከመንገዱ ዳር አውጥቶ ሞተሩን ማጥፋት፣ የማስጠንቀቂያ ምልክት ማስቀመጥና ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በደልዳላ ስፍራ የዘይቱን መጠን በመለኪያው ማየት ያስፈልጋል። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ተሞልቶ መብራቱም ድምፁም መጥፋታቸው ይረጋገጣል። ከተሞላም በኋላ አንዱ ከቀጠለ ወይም ዘይቱ ከመጀመሪያውም ሙሉ ሆኖ ከተገኘ ተሽከርካሪው መጎተት ይኖርበታል። በዚህ ደረጃ የቆመ ሞተር ብሮንዝ በመቀየርና ክራንክሻፍቱን በማስሞረድ ሊድን ይችላል። ጥቂት ኪሎ ሜትር የተጨመረበት ሞተር ግን ቢዬላው ተሰብሮ የሞተሩን አካል እስከ መብሳት ሊደርስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ስለ ጥገና መነጋገር ትርጉም የለውም።

ሞተር በጉዞ ላይ በድንገት ሲቆም የፍሬንና የመሪ አጋዥ ኃይልም አብሮ ይጠፋል። የፍሬኑ ፔዳል አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እንደ ወትሮው ከሠራ በኋላ እጅግ ይከብዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ እንደሚወርደው ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይህ ቢያጋጥም የሚያስከትለውን መገመት አያዳግትም። ስለዚህ የሞተር ድምፅ ጉዳይ የባለንብረቱ ኪስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የተሳፋሪውና የሌላው መንገደኛም ጉዳይ ነው።

ድምፁ መቼ ይሰማል?

ወዲያውኑ ማቆምን የማይጠይቁትን ድምፆች ምንጭ ለመለየት ዋናው መረጃ የድምፁ ዓይነት ሳይሆን የሚሰማበት ሁኔታ ነው። «ቀጭ ቀጭ ይላል» የሚለው ገለጻ ብቻውን ለመካኒኩ ብዙ አይነግረውም። «ጠዋት ሲነሳ ይሰማል፣ ሲሞቅ ይጠፋል» የሚለው ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን መላምት ያስወግዳል።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ተሰምቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ፋታ የሚሰጥ ነው። ከሌሊት ዕረፍት በኋላ ዘይት ወደ ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ድረስ ቫልቮቹ ለጥቂት ሴኮንድ ቀጭ ቀጭ ሊሉ ይችላሉ። የተበላ ፒስቶንም በብርድ ጊዜ ሲሊንደሩን ይመታል፤ ሲሞቅና መጠኑ ሲሰፋ ግን ይረጋጋል። በጭስ መውጫው መጋጠሚያ ላይ ያለ ስንጥቅም እንዲሁ ሲሞቅ ስለሚጠብ ድምፁን ያጠፋል። በአንጻሩ ሞተሩ በሞቀና ዘይቱ በቀጠነ ቁጥር የሚብስ ምት ወደ ብሮንዝና ወደ ዘይት ግፊት ይጠቁማል። ሙቀት ድምፁን ያጠፋል ወይስ ያብሰዋል የሚለው ጥያቄ ባለንብረቱ ያለ አንዳች መሣሪያ ሊመልሰው የሚችል ከመሆኑም በላይ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ጠቃሚ ነው።

የድምፁ ፍጥነትም ይናገራል። በአራት ምት ሞተር ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ የሚከፈተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሞተሩ ቆሞ በደቂቃ 750 ዙር ቢሠራ፣ ክፍተቱ የሰፋ አንድ ቫልቭ በሴኮንድ ስድስት ጊዜ ያህል ይመታል፤ የተበላ ብሮንዝ ግን በሴኮንድ እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ ሊመታ ይችላል። ጆሮ ይህን በትክክል ባይቆጥርም ዝግ ብሎ የሚሰማውን ቀጭን ምት ከተጣደፈው ወፍራም ምት መለየት አይሳነውም። ላይ የሚሰማው የቫልቭ ድምፅ ብዙ ጊዜ ክፍተትን በማስተካከል የሚፈታ ሲሆን ሞተር ማውረድን አይጠይቅም።

ጭነትም መታየት አለበት። በቤንዚን የሚሠራ ተሽከርካሪ ዳገት ሲወጣ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንኮሻኮሽ ያለ ድምፅ ካሰማና ነዳጁ ሲቀነስ ወዲያው ካቆመ፣ ነዳጁ ከጊዜው ቀድሞ ወይም ከልክ በላይ በፍጥነት እየተቀጣጠለ ነው ማለት ነው። ምክንያቱ የካንዴላ ማቀጣጠያው ጊዜ መቅደም፣ በፒስቶን ራስ ላይ የተከማቸ ጥላሸት፣ የሞተሩ ከመጠን በላይ መሞቅ ወይም የነዳጁ ጥራት ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ በሲሊንደር ውስጥ የሚፈጠረው ግፊትም ዝቅ ይላል። በዚህ የተነሳ በከተማዋ ውስጥ ምንም የማይሰማበት መኪና 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው የአዋሽ አካባቢ ሲወርድ መንኮሻኮሽ ሊጀምር ይችላል። ብዙ አሽከርካሪዎች በመንገድ ላይ የቀዱትን ነዳጅ ብቻ ይወቅሳሉ። አንዳንዴ እውነታቸውን ቢሆንም የከፍታው ለውጥ ተደብቆ የነበረን ችግር የገለጠበት አጋጣሚም ጥቂት አይደለም። ለወራት ችላ ከተባለ ፒስቶንን የሚበሳ ጉዳት ስለሆነ ከጉዞ መልስ መመርመር አለበት።

ምንጩ ከሞተሩ ውጪ የሆነ ድምፅ

በኮፈኑ ሥር የሚሰማ ሁሉ የሞተሩ የውስጥ ክፍል ድምፅ አይደለም። ዲናሞው፣ የውኃ ፖምፓውና የመሪ ፖምፓው በቺንጋ የሚዞሩ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ሊያልቅ የሚችል ኩሽኔታ አላቸው። በተለይ በክረምት ማለዳ ሲነሳ ወይም መብራት ሲበራ የሚያፏጭ ድምፅ የላላ ወይም ያረጀ ቺንጋ ምልክት ነው። ከሞተሩ ዙር ጋር እየጨመረ የሚሄድ የማጉረምረም ድምፅ ደግሞ ወደ ኩሽኔታ ያመለክታል።

ይህን ለማረጋገጥ መካኒኩ ሞተሩን አጥፍቶ የውጪውን ቺንጋ ያወልቃል፤ ከዚያም ሞተሩን ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ያስነሳል። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ ከሞተሩ ውጪ ነው፤ ማንም ሞተሩን የሚያወርድበት ምክንያት አይኖርም። ቺንጋው በሌለበት የውኃ ፖምፓው ስለማይዞር ሙከራው መራዘም የለበትም። የውስጠኛው የታይሚንግ ቺንጋ ግን በዚህ ሙከራ ፈጽሞ አይነካም።

የቺንጋ ፉጨት እንደ ቀላል ነገር ሲታለፍ ይታያል። በብዙ የናፍጣ ሚኒባሶች ላይ ለፍሬኑ አጋዥ ኃይል የሚሰጠው የቫኩም ፖምፓ ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመ ነው። ቺንጋው ቢበጠስ ባትሪ አለመሙላቱ ከሚያስከትለው ችግር ይልቅ የፍሬኑ መክበድ ይብሳል። ለማያቋርጥ ፉጨት መልሱ በሰሙና ወይም በሌላ ቅባት ድምፁን ማጥፋት ሳይሆን ቺንጋውን መቀየር ነው።

በእጅ ማርሽ በሚሠራ ተሽከርካሪ ላይ የፍሪሲዮን ፔዳሉን ብቻ በመጠቀም የሚደረግ ሌላ ቀላል ሙከራ አለ። ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጀምር ድምፅ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ምንጩ ወደ ካምቢዮው መግቢያ ይጠጋል። ሁለቱም ከሞተር ውስጥ የሚመጡ እየመሰሉ ብዙዎችን ያሳስታሉ።

የጭስ መውጫ መጋጠሚያ ሲላላ የሚሰማው ትክትክታ ከቫልቭ ድምፅ ጋር ይመሳሰላል። በመጋጠሚያው ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት መኖሩ ይለየዋል። ሽታና ቀለም የሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ በዚህ ቀዳዳ በኩል ወደ ተሳፋሪው ክፍል ሊገባ ስለሚችል፣ በጉዞ ላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማ መስኮት ከፍቶ ማቆምና ሳይዘገዩ ማስጠገን የግድ ነው።

ታይሚንግን በተመለከተ የተሽከርካሪው ዓይነት ይወስናል። እንደ ቪትዝ ያሉ መኪኖች ሞተር በሰንሰለት የሚሠራ በመሆኑ ሰንሰለቱ ሲላላ ሲነሳ የመንሻኳኳት ድምፅ በማሰማት አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። በቆዩት ኮሮላዎችና በናፍጣ ሃይኤስ ሚኒባሶች ላይ ያለው የጎማ ቺንጋ ግን ብዙ ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ይበጠሳል፤ በናፍጣ ሞተር ላይ ሲበጠስም ፒስቶኖቹ ከቫልቮቹ ጋር ይጋጫሉ። ስለዚህ ይህ ክፍል በድምፅ ሳይሆን በአምራቹ መመሪያ ላይ በተቀመጠው ኪሎ ሜትር፣ በብዙዎቹ ላይ 100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላ፣ መቀየር አለበት። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የማያውቅ አዲስ ባለንብረት እንዳልተቀየረ ቢቆጥረው ይሻላል።

በናፍጣ ሞተር ላይ ኖዝልን ከብሮንዝ መለየት

የናፍጣ ሞተር በተፈጥሮው ያንኳኳል። በመሆኑም በጣም ውድ የሆኑት የምርመራ ስሕተቶች የሚፈጸሙት በእነዚህ ሞተሮች ላይ ነው። ናፍጣን በአግባቡ የማይረጭ አንድ ኖዝል በሲሊንደሩ ውስጥ ድንገተኛ ቃጠሎ ስለሚፈጥር ብረት በመዶሻ እንደሚመታ ያለ ጠንካራ ድምፅ ያሰማል። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎችም ጭምር በመጀመሪያ ሲሰሙት ብሮንዝ ሊመስላቸው ይችላል። ብዙውን ጊዜ አብሮት የሚታየው ግን የሞተሩ መንቀጥቀጥ፣ የጥቁር ወይም የነጭ ጭስ መብዛትና የነዳጅ ፍጆታ መጨመር ነው። ውኃ ወይም ቆሻሻ ያለበት ናፍጣና ሳይቀየር የከረመ ፊልትሮ ዋና ምክንያቶቹ ናቸው።

በሜካኒካል ፖምፓ በሚሠሩ የቆዩ ሞተሮች ላይ መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ ወደ እያንዳንዱ ኖዝል የሚሄደውን ቱቦ ተራ በተራ በማላላት ምንጩን ይለያል። የአንዱ ሲሊንደር ናፍጣ ሲቋረጥ ድምፁ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ያንን ኖዝል አውልቆ በመሞከሪያ መሣሪያ ላይ ማየት ነው። የብሮንዝ ምትም በዚህ ሙከራ ሊቀንስ እንደሚችል መታወቅ አለበት፤ ስለዚህ ኖዝሉ ተሞክሮ ደኅና ሆኖ ከተገኘ በኋላ የዘይት ግፊት በመለኪያ ይለካል። ካርተሩን አውርዶ ብሮንዙን በዓይን ማየት የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ ይህም ቢሆን በብዙ ተሽከርካሪዎች ላይ ሞተሩን ማውረድ አይጠይቅም። በኤሌክትሮኒክስ በሚቆጣጠሩ አዳዲስ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ግን ቱቦ ማላላት ክልክል ነው፤ በውስጡ ያለው ግፊት ቆዳን ዘልቆ የመግባት ኃይል ስላለው በባለሙያው ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል።

ወደ ጋራዥ ሲኬድ

ባለንብረቱ ድምፁ የሚሰማበትን ሁኔታ በወረቀት ቢይዝ ይጠቀማል፤ ቀዝቃዛ ወይስ ሙቅ፣ ቆሞ ወይስ ሲሄድ፣ ዳገት ላይ ወይስ ቁልቁለት፣ ዘይት መጨረሻ የተቀየረው መቼ ነው፣ ከድምፁ በፊት የተሠራ ጥገና አለ ወይ። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ በቅርቡ የተፈታ ነገር ሁሉ በአግባቡ ሳይታሰር ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ድምፁን በስልክ መቅዳትም ይረዳል፤ ሆኖም የስልክ ማይክሮፎን ወፍራሙን ምት አሳንሶ ቀጭኑን ሊያጎላ ስለሚችል በቀረጻ ብቻ መወሰን ተገቢ አይደለም። የጠዋት ድምፅ ያለበት ተሽከርካሪ ጋራዥ አድሮ በነጋታው ቀዝቅዞ ሳለ ቢነሳ ይመረጣል።

ኮፈን ከፍቶ ማዳመጥ የሚፈልግ ሰው ነጠላውን፣ ሻርፑንና ረጅም እጅጌውን መሰብሰብ አለበት። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማራገቢያ በድንገት ሊነሳ ይችላል። መካኒኮች የካቻቢቴን ጫፍ በሞተሩ አካል ላይ፣ እጀታውን በጆሯቸው ላይ አድርገው የድምፁን ስፍራ ይለያሉ፤ ዘዴው ውጤታማ ቢሆንም ከሚዞሩ ክፍሎች አጠገብ ለልምድ አልባ ሰው አይመከርም።

ሞተር ይውረድ የሚል ውሳኔ ሲቀርብ ባለንብረቱ ውሳኔው በምን ልኬት ላይ እንደተመሠረተ መጠየቅ ይችላል። የዘይት ግፊትና የሲሊንደር መጭመቂያ ኃይል በመለኪያ የሚታወቁ ቁጥሮች ናቸው። ከሥራው በፊት የሚቀየሩት ዕቃዎችና የእጅ ዋጋው በጽሑፍ እንዲሰፍሩ፣ የተቀየሩት አሮጌ ዕቃዎች እንዲመለሱና ደረሰኝ እንዲሰጥ መጠየቅም ተገቢ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል።

ያገለገለ መኪና የሚገዙ ሰዎች ሊጠነቀቁበት የሚገባ አንድ ልማድ አለ። የሚያንኳኳ ሞተር ከመጠን በላይ ወፍራም ዘይት ወይም ማወፈሪያ ሲጨመርበት ለጊዜው ዝም ይላል። ስለዚህ ገዥው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሲነሳ መስማት፣ ከዚያም ከግማሽ ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ዳገት ባለበት መንገድ አሽከርክሮ ሞቆም እንደገና ማዳመጥ ይኖርበታል። በቀጠሮው ሰዓት ሲደርስ ሞተሩ ሞቆ ካገኘው በሌላ ቀን ማለዳ መመለሱ አይጎዳውም።

ሞተር ሲቀየር

ምርመራው ተጠናቆ ሞተሩ ሊድን እንደማይችል ከተረጋገጠ ብዙዎች ያገለገለ ሞተር ገዝተው ያስገጥማሉ። የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር የተመዘገበ በመሆኑ ለውጡ በባለንብረቱና በጋራዡ ስምምነት ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ተሽከርካሪዎች በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ የሚደረግላቸው ሲሆን፣ በአካል የሚታየው ቁጥርና በሊብሬው ላይ የሰፈረው ካልተመሳሰሉ ባለንብረቱ ቦሎ ለማደስም ሆነ መኪናውን ለመሸጥ ይቸገራል። ስለሆነም ሞተሩ ከመገጠሙ በፊት ተሽከርካሪው ፋይሉ ወደሚገኝበት የፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ቀርቦ የሚያስፈልጉትን ሰነዶች ማወቅ፣ የሚገዛው ሞተር ቁጥሩ ያልተፋቀ መሆኑን ማየትና የተገዛበትን ሕጋዊ ሰነድ መያዝ ያስፈልጋል። ዓመታዊው ምርመራ የተሽከርካሪውን የመንገድ ደኅንነት ብቁነት የሚያይ እንጂ የሞተርን የውስጥ ድምፅ ምንጭ የሚለይ ስላልሆነ፣ ምርመራውን በቅርቡ ያለፈ ተሽከርካሪም አዲስ ድምፅ ካሰማ ወደ ጋራዥ መወሰድ አለበት።